ከኒውክሊየስ ወጥቶ ወደ ኒውክሊየስ፤ ስለ ቴሎሜሬዝ ጉዞና አገጣጠም በእርሾ ሕዋስ ውስጥ

(በተማሪዎች ማኅበር የሳይንስ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



የዛሬው ንግግራችን በአንድ ጥያቄ ላይ የተመሠረተ ነው። በሕያው ሕዋስ ውስጥ አንድን ሥራ የሚፈጽም መሣሪያ ከብዙ ክፍሎች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ክፍሎቹ የት ይሠራሉ? የት ይገናኛሉ? በምንስ መንገድ ተጉዘው ከሥራቸው ቦታ ይደርሳሉ? በመማሪያ መጻሕፍታችን ላይ ኤንዛይም የሚባለው ነገር ብዙውን ጊዜ የሚሣለው በሥራው ላይ ተቀምጦ ነው፤ ከዚያ ቦታ እንዴት እንደ ደረሰ የሚናገር ገጽ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ ግን ጉዞው ራሱ ትልቅ ትምህርት ያለበት ሆኖ ስላገኘነው፣ ቴሎሜሬዝ የተባለውን ኤንዛይም ምሳሌ አድርገን፣ በእርሾ ሕዋስ ውስጥ ስለ እርሱ የታወቀውን ልናስረዳ ተነሥተናል። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ እርሾ ጥቂት እንበል። እርሾ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቡሃቃ ሥር የሚቀረውን የሊጥ እርሾ ነው። እርሱ ግን የብዙ ዓይነት ረቂቅ ሕያዋን ድብልቅ ነው። ሊቃውንቱ ለምርመራቸው የመረጡት ከእነዚህ ረቂቃን መካከል ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲዬ የተባለውን አንዱን ዘር ነው። ዳቦን የሚያነሣው፣ ቢራን የሚያፈላው፣ በጠጃችንም ውስጥ ማሩን ወደ አልኮል ከሚለውጡት ዋነኛው ይኸው ነው። አንዱ ሕዋስ፣ አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል ከሺሁ አምስቱን ያህል ብቻ ነው። ሲመቸው በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ራሱን ያራባል። አሥራ ስድስት ክሮሞሶሞች፣ 12 ሚሊዮን ያህል የዲ.ኤን.ኤ. ፊደሎችና 6000 የሚያህሉ ጂኖች አሉት። ኒውክሊየስ ካላቸው ሕያዋን መካከል ጠቅላላ የዘር ጽሑፉ በመጀመሪያ ተነብቦ ያለቀለት እርሱ ሲሆን፣ ይህም የሆነው በ1996 ነው።

ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልግ አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው። የሰው ሕዋስ ሲከፈል የኒውክሊየሱ ግድግዳ ፈርሶ እንደ ገና ይሠራል። የእርሾው ግን ሕዋሱ በሚከፈልበትም ጊዜ ቢሆን አይፈርስም። ስለዚህ ማንኛውም ትልቅ ነገር ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከውስጥም ወደ ውጭ የሚያልፈው በግድግዳው ላይ ባሉት በሮች ብቻ ነው። በሮቹም ዝም ብለው አያሳልፉም፤ ትንንሹ ነገር በራሱ ያልፋል፤ ትልቁ ግን እጁን ይዞ የሚያሻግረው ልዩ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። እነዚህን ፕሮቲኖች በዚህ ንግግር ውስጥ «አሻጋሪዎች» እንላቸዋለን።

እንግዲህ ወደ ክሮሞሶሞቹ ጫፍ እንሂድ። ሸማኔ ኩታውን ከድሩ ላይ ሲያወርድ ዘርፉን ሳይቋጥር ቢተወው፣ ድሩ ከጫፉ ጀምሮ ይተረተራል። ክሮሞሶምም እንዲሁ ጫፉን የሚጠብቅለት ነገር ያሻዋል። ይህንን ጫፍ በ1938 ኸርማን ሙለር ቴሎሜር ብለው ሰየሙት፤ ቃሉ ከግሪክ የተወሰደ ሆኖ «የመጨረሻ ክፍል» ማለት ነው። ሙለር የተመለከቱት በዝንብ ነበር። በዚያው ዘመን ባርባራ ማክሊንቶክ በበቆሎ ላይ ሲመራመሩ፣ የተሰበረ ክሮሞሶም ጫፉ ከሌላ የተሰበረ ጫፍ ጋር ሲጣበቅ፣ የተፈጥሮው ጫፍ ግን እንደማይጣበቅ አስተዋሉ። ስለዚህ ጫፉ ከተሰበረው የሚለይበት ምልክት እንዳለው ታወቀ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ችግር ተገለጠ። ዲ.ኤን.ኤ.ን የሚገለብጠው ኤንዛይም የሚሄደው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ሥራውንም ለመጀመር የሚቆምበት ትንሽ መነሻ ይፈልጋል። ቤቷን እበት የምትለቀልቅ ሴት እግሯ ያረፈበትን ቦታ ልትለቀልቀው እንደማትችል ሁሉ፣ ይህም ኤንዛይም መነሻው ያረፈበትን የመጨረሻውን ቦታ ሊገለብጠው አይችልም። እንዲህ ከሆነ ክሮሞሶሙ በተገለበጠ ቁጥር ጫፉ ጥቂት በጥቂት ማጠሩ የማይቀር ነው። ይህን ነገር በ1971 ሩሲያዊው አሌክሴይ ኦሎቭኒኮፍ፣ በ1972 ደግሞ አሜሪካዊው ጄምስ ዋትሰን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ጻፉት። ነገር ግን የእርሾ ዘር ከሺህ ዘመናት ጀምሮ ሲራባ ይኖራል፤ ክሮሞሶሙም አላለቀም። ስለዚህ ያጠረውን የሚቀጥል አንድ ነገር መኖር አለበት ማለት ነው።

ያ ነገር የተገኘው በደረጃ ነው። በ1978 ኤሊዛቤት ብላክበርንና ጆሴፍ ጎል፣ ቴትራሂሜና በተባለ በኩሬ ውኃ ውስጥ በሚኖር ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረት ላይ፣ ቴሎሜር ማለት አጭር የፊደል ሐረግ ደጋግሞ የተጻፈበት መሆኑን አሳዩ። በ1982 ብላክበርንና ጃክ ሾስታክ የዚህን ፍጥረት ቴሎሜር ወስደው በእርሾ ውስጥ በተተከለ ቀጥ ያለ ዲ.ኤን.ኤ. ጫፍ ላይ ቢያደርጉት ጫፉን ጠበቀው። በዝምድና እጅግ የተራራቁ ሁለት ሕያዋን በአንድ ዓይነት ዘዴ እንደሚጠቀሙ በዚህ ታወቀ። በታኅሣሥ ወር 1984 ደግሞ በዚያን ጊዜ የብላክበርን ተማሪ የነበሩት ካሮል ግራይደር፣ ቴሎሜርን የሚያስረዝመውን ኤንዛይም በላቦራቶሪ ውስጥ ሲሠራ ተመለከቱት፤ ውጤቱም በ1985 ታተመ። ብላክበርን፣ ግራይደርና ሾስታክ በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሥራውን ከዳር ያደረሱት ግራይደር ያን ጊዜ እንደኛ በተማሪነት ላይ እንደ ነበሩ ለጓደኞቻችን ማሳሰብ እንወዳለን።

አሁን ወደ እርሾው ቴሎሜሬዝ ክፍሎች እንመለስ። በ1989 ቪክቶሪያ ለንድብላድ ከሾስታክ ጋር ሆነው ቴሎሜራቸው እያጠረ የሚሄድ እርሾዎችን ፈልገው አገኙ፤ የተበላሸውንም ጂን «ኢ.ኤስ.ቲ. አንድ» አሉት፤ ፊደሎቹ «እያጠረ የሚሄድ ቴሎሜር» ከሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ የተወሰዱ ናቸው። ይህ ጂን የጠፋበት እርሾ ወዲያው አይሞትም። መጀመሪያ እንደ ጤነኛው ያድጋል፤ ቴሎሜሩ በየትውልዱ ከሦስት እስከ አምስት ፊደል ያህል ያጥራል፤ ከ50 እስከ 100 በሚሆን ትውልድ ውስጥ ግን አብዛኛው ሕዋስ መከፈሉን ያቆማል። በ1994 በዳንኤል ጎትሽሊንግ ላቦራቶሪ ቲ.ኤል.ሲ. አንድ የተባለው አር.ኤን.ኤ. ተገኘ። በ1996 የለንድብላድ ቡድን ኢ.ኤስ.ቲ. ሁለትንና ሦስትን ጨመረ። በ1997 ደግሞ ኢ.ኤስ.ቲ. ሁለት ፊደሎቹን አንድ በአንድ የሚቀጥለው ዋናው ሠራተኛ መሆኑ ታወቀ፤ ይኸውም ከአር.ኤን.ኤ. ላይ እያነበበ ዲ.ኤን.ኤ. የሚጽፍ ኤንዛይም ነው።

እንግዲህ የእርሾ ቴሎሜሬዝ ማለት በአንድ ረጅም አር.ኤን.ኤ. ላይ የተሰበሰቡ ፕሮቲኖች ማኅበር ነው። አር.ኤን.ኤው 1157 ፊደል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ለአጻጻፉ አብነት የሚሆነው 17 ፊደል ብቻ ነው። ታዲያ የቀረው ምን ይሠራል? ፕሮቲኖቹ የሚያርፉበት መደብ ነው። በ2004 ዴቪድ ዛፑላና ቶማስ ቼክ የኢ.ኤስ.ቲ. አንድን ማረፊያ ከቦታው ነቅለው በአር.ኤን.ኤው ላይ በሌላ ስፍራ ቢተክሉት፣ ኤንዛይሙ ሥራውን አላቆመም። ከዚህም የተነሣ አር.ኤን.ኤው እንደ ግንብ የደረቀ ሳይሆን፣ ዶቃዎች እንደ ተሰኩበት ክር የሚተጣጠፍ ነው ተባለ። በ2016 ደግሞ ፖፕ አንድ፣ ፖፕ ስድስትና ፖፕ ሰባት የተባሉ፣ ቀድሞ በሌላ ሥራ የታወቁ ሦስት ፕሮቲኖች የዚሁ ማኅበር አባሎች ሆነው ተገኙ፤ ሥራቸውም ኢ.ኤስ.ቲ. አንድና ሁለት በአር.ኤን.ኤው ላይ ጸንተው እንዲቀመጡ መርዳት ነው።

ከዚህ በኋላ የንግግራችን ዋና ነገር ይመጣል። አር.ኤን.ኤው የሚጻፈው በኒውክሊየስ ውስጥ ነው፤ ጂኑ ያለው እዚያ ነውና። ፕሮቲኖቹ ግን የሚሠሩት ከኒውክሊየስ ውጭ፣ በሳይቶፕላዝም ነው። ቴሎሜሮቹ ደግሞ በኒውክሊየስ ውስጥ ናቸው። አስተዋይ ሰው እንዲህ ብሎ ቢገምት አይፈረድበትም፦ ፕሮቲኖቹ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ አር.ኤን.ኤው በተወለደበት ቆይቶ ይቀበላቸዋል፤ ከዚያም ሁሉም ወደ ጫፉ ይሄዳሉ። ይህ አጭሩ መንገድ ነው። ሕዋሱ ግን ይህን አጭር መንገድ አልመረጠም።

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው በ2002 ነው። ኤም.ቲ.አር. አሥር የተባለው አሻጋሪ ነገሮችን ከውጭ ወደ ኒውክሊየስ የሚያስገባ ነው። ይህ አሻጋሪ በሌለበት እርሾ ቴሎሜሩ አጥሮ፣ አር.ኤን.ኤውም በመጠኑ አንሶ፣ በሳይቶፕላዝም ውስጥ ተገኘ። እንግዲህ እናስተውል፤ አር.ኤን.ኤው ከተወለደበት ቤት ወጥቶ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ፣ አስገቢው በጠፋ ጊዜ ውጭ ሊገኝ ይችል ነበርን? ሊሆን አይችልም። ስለዚህ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር ማለት ነው።

ይህንን ነገር በ2008 የካናዳ ሊቃውንት፣ ፓስካል ሻርትራንና ሬመንድ ዌሊንገር ከባልደረቦቻቸው ጋር በሌላ ዘዴ አረጋገጡት። ሁለት የእርሾ ሕዋሶች ሲጋቡ አብዛኛውን ጊዜ ኒውክሊየሶቻቸውም ይዋሐዳሉ። ነገር ግን አንድ ጂን የተበላሸበት ዘር አለ፤ በእርሱ ውስጥ ሕዋሶቹ አንድ ሲሆኑ ኒውክሊየሶቹ ግን ሁለት እንደ ሆኑ ይቀራሉ። እንግዲህ አንደኛው ኒውክሊየስ የአር.ኤን.ኤው ጂን ያለው፣ ሁለተኛው ግን የሌለው እንዲሆን ተደረገ። ጥቂት ቆይቶ ቢታይ አር.ኤን.ኤው ጂኑ በሌለበትም ኒውክሊየስ ውስጥ ተገኘ። ከአንዱ ቤት ወጥቶ፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ወደ ሌላው ቤት ካልገባ በቀር ከዚያ ሊደርስ አይችልም። የዚህ ሙከራ ቀላልነትና ጥራት በጣም አስደንቆናል፤ ውድ መሣሪያ ሳይሆን ጥሩ አሳብ የወለደው ማስረጃ ነውና።

በዚያው ምርመራ ሌሎችም ነገሮች ተገለጡ። የሚያወጣው አሻጋሪ ሲ.አር.ኤም. አንድ ይባላል፤ ለማስገባት ኤም.ቲ.አር. አሥርን የሚረዳ ካፕ 122 የተባለ ሌላ አለ። ሜክስ 67 የተባለውም ፕሮቲን በማውጣቱ ሥራ እንደሚያስፈልግ በኋላ በተደረጉ ምርመራዎች ታውቋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ ኢ.ኤስ.ቲ. አንድ ወይም ሁለት ወይም ሦስት ቢጠፋ፣ የቀሩት ሁለቱ ደኅና ቢሆኑም እንኳ፣ አር.ኤን.ኤው በኒውክሊየስ ውስጥ መሰንበቱን ትቶ በሳይቶፕላዝም ይከማቻል። ኩ የተባለው፣ በአር.ኤን.ኤው አንድ ጉጥ ላይ የሚያርፈው ፕሮቲን ሲጠፋም እንዲሁ ይሆናል። ስለ ፖፕ ፕሮቲኖችም የተገኘው ውጤት ከዚህ ጋር ይስማማል። ማለት በኒውክሊየስ ውስጥ የሚሰነብተው ክፍሎቹ የተሟሉለት አር.ኤን.ኤ. ነው እንጂ ጎዶሎው አይደለም።

በ2020 ደግሞ የዌሊንገር ላቦራቶሪ አንድ ተጨማሪ እርምጃ ገለጠ። በአር.ኤን.ኤው መጨረሻ ላይ ሰባት ትንንሽ ፕሮቲኖች ተያይዘው እንደ ቀለበት ይገቡበታል፤ ኤስ.ኤም. ይባላሉ። ቀለበቱ የአር.ኤን.ኤውን ጫፍ ከሚበሉት ኤንዛይሞች ይጠብቀዋል። ይህ ቀለበት የሚገባውም በኒውክሊየስ ውስጥ ሳይሆን በሳይቶፕላዝም መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ መንገዱ እንዲህ ይሰበሰባል፦ አር.ኤን.ኤው በኒውክሊየስ ውስጥ ይጻፋል፤ አውጪዎቹ በበሩ ያሳልፉታል፤ በሳይቶፕላዝም ቀለበቱን ይቀበላል፤ ለመመለስ ብቁ ሲሆን አስገቢዎቹ መልሰው ያስገቡታል፤ ክፍሎቹ ከተሟሉለትም በውስጥ ይሰነብታል።

ይሁንና የመግባቱ ነገር የጉዞው ግማሽ ብቻ ነው። ቴሎሜሬዝ በኒውክሊየስ ውስጥ ስላለ ብቻ በማንኛውም ሰዓት አይሠራም። ሥራው የሚፈጸመው ሕዋሱ ዲ.ኤን.ኤውን ገልብጦ ወደ መጨረሱ ሲቃረብ ነው። ይህ ሰዓት የሚጠበቅበት አንዱ ዘዴ በ2006 ታወቀ፤ ይኸውም ኢ.ኤስ.ቲ. አንድ ከመገልበጡ በፊት ባለው ጊዜ እየተሰበረ መጠኑ ዝቅተኛ ሆኖ ይቆያል፤ ጊዜው ሲደርስ ግን ይበዛል። ኢ.ኤስ.ቲ. አንድም በቴሎሜሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ከሚጠብቀው ሲ.ዲ.ሲ. አሥራ ሦስት ከተባለው ፕሮቲን ጋር ይያያዛል፤ በዚህም ጠቅላላው መሣሪያ ወደ ጫፉ ይጠራል። በ2014 ቲመቲ ቱሲና ለንድብላድ እንዳሳዩት ደግሞ፣ ኢ.ኤስ.ቲ. አንድና ሁለት ከአር.ኤን.ኤው ጋር አስቀድመው ሲገጣጠሙ፣ ኢ.ኤስ.ቲ. ሦስት ግን በኋላ መጥቶ ይጨመርባቸዋል፤ ሥራው ካለቀም በኋላ ኢ.ኤስ.ቲ. ሁለት ተለይቶ ይሄዳል፤ ማኅበሩም ይፈታል። መገጣጠሙ ብቻ ሳይሆን መፈታቱም ሥርዓት አለው ማለት ነው።

ይህንን እንቅስቃሴ በሕያው ሕዋስ ውስጥ በዓይን ለማየት ተችሏል። በ2011 የሻርትራን ቡድን ከአንድ የባክቴሪያ ቫይረስ የተወሰዱ የአር.ኤን.ኤ. ጉጦችን በቲ.ኤል.ሲ. አንድ ላይ ቀጠለ። እነዚህን ጉጦች አጥብቆ የሚይዘውን የቫይረሱን ፕሮቲን ደግሞ ጄሊፊሽ ከተባለው የባሕር እንስሳ ከተገኘው አረንጓዴ ብርሃን ሰጪ ፕሮቲን ጋር አያያዘው። ስለዚህ አር.ኤን.ኤው በሄደበት ሁሉ የብርሃን ነጥብ ይከተለዋል። ነጥቦቹም አብዛኛውን ጊዜ በኒውክሊየስ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ይራወጣሉ፤ የመገልበጡ ጊዜ ወደ መጨረሻው ሲደርስ ግን ጥቂቶቹ በአንድ ላይ ተሰብስበው በአንድ ቴሎሜር ላይ ይረጋሉ። ኤንዛይሙ ብቻውን ሳይሆን በቡድን ሆኖ ወደ ሥራው እንደሚመጣ በዚህ ታየ።

ቡድኑ የሚሄደው ወደ የትኛው ጫፍ ነው? ይህ ጥያቄ ከባድ የሚሆነው ሠራተኞቹ ጥቂቶች ስለሆኑ ነው። በ2006 በተደረገ ቆጠራ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ያለው ቲ.ኤል.ሲ. አንድ ሠላሳ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጫፎቹ ግን 32 ሲሆኑ፣ ከተገለበጡ በኋላ 64 ይሆናሉ። ስለዚህ ለሁሉም አይዳረስም። በ2004 በስዊዘርላንድ የተደረገ ምርመራ እንዳሳየው፣ በጤናማው ርዝመት፣ ማለት በ300 ፊደል ገደማ ያለ ቴሎሜር በአንድ የሕዋስ ዘመን ውስጥ የሚቀጠልለት ከመቶው ከአሥር ባነሰ ጊዜ ነው፤ አጥሮ 100 ፊደል ያህል የቀረው ግን ከመቶው ከአርባ በሚበልጥ ጊዜ ይቀጠልለታል። ያለው ጥቂት ስለሆነ፣ ለባሰበት ቅድሚያ ይሰጣል። በርእሱ ላይ ስንወያይ ብዙዎቻችንን ያነጋገረን ነገር ይህ ነበር።

አሁን አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባናል። ሕዋሱ አጭሩን መንገድ ትቶ ይህን ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ለምን ይሄዳል? ይህ ድካም ከንቱ አይደለምን? በኛ አስተያየት ከንቱ አይደለም። ቴሎሜሬዝ ጠቃሚ የመሆኑን ያህል ያለ ቦታው ከገባ ጎጂ ነው። በአደጋ በተሰበረ ክሮሞሶም ላይ የቴሎሜር ፊደል ቢቀጥልበት፣ ሊጠገን የሚገባው ስብራት እንደ ተፈጥሮ ጫፍ ተዘግቶ ይቀራል፤ ከስብራቱ ወዲያ ያሉት ጂኖችም ይጠፋሉ። ስለዚህ የሚወጣውና የሚገባው በር የምርመራ በር ነው ለማለት ይቻላል። ቀለበቱን ያልያዘ፣ ፕሮቲኖቹን ያላገኘ አር.ኤን.ኤ. በውስጥ ተቀምጦ እንዳይሰነብት፣ ሕዋሱ ወደ ውጭ ልኮ ይመረምረዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረታችን ስለ ማበር ይናገራል፤ የእርሾው ሕዋስ ደግሞ የትና መቼ ማበር እንደሚገባ ይጨምርበታል።

ይህ ነገር ከእርሾ አልፎ ወደ ሰው የሚደርስበትን መንገድ ሳንጠቅስ አናልፍም። የሰው ቴሎሜሬዝ አር.ኤን.ኤ. በፊደሉም በመንገዱም ከእርሾው ይለያል፤ ስለዚህ የአንዱን ካርታ በሌላው ላይ መለጠፍ ስሕተት ነው። ነገር ግን ዋናው ሕግ፣ ማለት ክፍሎቹ መኖራቸው ብቻ አይበቃም፣ ከቦታቸው መድረስ አለባቸው የሚለው፣ በሰውም ላይ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ዲስኬራቶሲስ ኮንጄኒታ የሚባል በትውልድ የሚተላለፍ፣ ብዙ ያልተስፋፋ በሽታ አለ። የሕመምተኛው ቆዳና ጥፍር ይለወጣል፤ በአፉ ውስጥ ነጫጭ ነገር ይወጣል፤ የአጥንቱ መቅኔም ደም መሥራት ያቅተዋል። በአንዳንዶቹ ሕመምተኞች የተበላሸው የቴሎሜሬዙ የራሱ ክፍል ነው። በ2011 ግን የተለየ ነገር ታተመ። በአንዳንድ ሕመምተኞች አር.ኤን.ኤውም ፊደል ቀጣዩም ኤንዛይም ደኅና ሳሉ፣ ቲ.ሲ.ኤ.ቢ. አንድ የተባለው፣ መሣሪያውን በኒውክሊየስ ውስጥ ወደሚገባው ቦታ የሚመራው ፕሮቲን ተበላሽቶ ተገኘ። አር.ኤን.ኤው ካሃል ወደሚባሉት ትንንሽ አካላት መሄድ ሲገባው ወደ ኒውክሊዮለስ ሄዶ ቀረ፤ ቴሎሜሮቹም አጠሩ። እንግዲህ መሣሪያው አለ፤ በቱቦ ውስጥ ቢፈተንም ይሠራል፤ ሰውየው ግን ይታመማል፤ ምክንያቱም መሣሪያው መንገዱን ስቷል።

በሌላው ወገን ደግሞ ካንሰር አለ። በ1994 የታተመ ምርመራና ከእርሱ በኋላ የመጡት እንዳሳዩት፣ ከመቶ የካንሰር ዕጢዎች 85 እስከ 90 በሚሆኑት ውስጥ ቴሎሜሬዝ ይሠራል፤ በአብዛኞቹ የሰውነታችን ሕዋሶች ግን አይሠራም ወይም እጅግ ጥቂት ነው። ካንሰር ያለ ገደብ የሚራባው ከሌሎቹ ምክንያቶች ጋር ጫፉን እያስቀጠለ ስለሆነ ነው። ከዚህም የተነሣ፣ በሌላው ዓለም «ቴሎሜርን አስረዝሞ ወጣትነትን የሚመልስ» እየተባለ የሚሸጠውን ክኒን የሰማ ተማሪ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንመክራለን። ረጅም ቴሎሜር ሁሉ በረከት አይደለም፤ ሕዋሱ ራሱ ኤንዛይሙን በቁጥር፣ በቦታና በሰዓት ወስኖ የያዘው ያለ ምክንያት አይደለም።

ከማብቃታችን በፊት በኮሌጃችን ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚነሣውን አንድ ክርክር እንነካለን። «ሕዝባችን ንጹሕ ውኃ፣ ክሊኒክና በቂ እህል ሲያጥረው፣ እኛ ስለ እርሾ ክሮሞሶም ጫፍ ብናውቅ ምን ይረባናል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ከሀገር ፍቅር የመነጨ ስለሆነ እናከብረዋለን። መልሳችን ግን እንዲህ ነው። ብላክበርንና ጎል የኩሬ ፍጥረት ሲመረምሩ ስለ ካንሰር ለመጻፍ አልነበረም፤ ለንድብላድም እርሾ ሲዘሩ ስለ መቅኔ በሽታ አላሰቡም ይሆናል። እውቀቱ በኋላ በሌሎች እጅ ለሕመምተኛ ደረሰ። ደግሞም በሽታን የሚያክም ሐኪም ወይም የእህልን ዘር የሚያሻሽል ባለሙያ የሚፈልገው የምርመራ ዘዴ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ አንድ ነገር አጥፍቶ ምን እንደሚጎድል ማየት፣ ጤነኛውን ከበሽተኛው ጎን አስቀምጦ ማነጻጸር፣ ከተገኘው በላይ አለመናገር። ይህን ዘዴ በቃል ተጠንቶ አይያዝም፤ በእጅ ሲሠራ ነው የሚገባው።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና እናቀርባለን። የባዮሎጂ ትምህርታችን በአብዛኛው ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ደብተር፣ ከደብተርም ወደ ፈተና የሚሄድ ነው። እርሾ ግን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አስተማሪ ነው፤ ስኳር፣ አጋር፣ ጥቂት ሳህኖች፣ ዕቃውን የምናፈላበት የግፊት ድስትና ሙቀቱ የተስተካከለ ሣጥን ይበቃዋል። በዓለም ላይ ጂኖቻቸው አንድ በአንድ የተሰረዙ የእርሾ ዘሮችን የሚያከማቹና ለትምህርት ቤቶች የሚልኩ ተቋማት አሉ። ቴሎሜሬዙ በቅርብ የጠፋበት አንድ ዘርና አንድ ጤነኛ ዘር ብናገኝ፣ የለንድብላድን ሙከራ በዚህ ግቢ ውስጥ መድገም እንችላለን። አንድ ሕዋስ በሳህን ላይ ተዘርቶ በዓይን የሚታይ ነጠብጣብ እስኪሆን 25 ያህል ትውልድ ያልፋል። ከነጠብጣቡ ወስደን በአዲስ ሳህን ላይ እንደ ገና እንዘራለን፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሳህን ላይ ስንደርስ የጤነኛው ዘር ነጠብጣቦች እንደ ቀድሞው ሲያድጉ፣ የሌላው ግን አንሰውና ተቀጥነው እናያለን። ወሩ ሳያልቅ፣ ቴሎሜር ማለት ምን እንደ ሆነ በቃል ሳይሆን በዓይናችን እናውቀዋለን።

ሥራውን ለማካሄድ ፈቃደኞች መሆናችንን በዚህ ስብሰባ ፊት እናረጋግጣለን። ሳህኖቹን እናጥባለን፤ ምግቡን እናፈላለን፤ በየሁለት ቀኑ እየተፈራረቅን እንዘራለን፤ ያየነውንም ደግ ሆነ ክፉ እንደ ሆነው በዚህ ጋዜጣ ላይ እናወጣለን። የምንጠይቀው አንድ ክፍል፣ አንድ መምህርና የሚያስፈልጉት ዘሮች እንዲገዙልን ደብዳቤ እንዲጻፍልን ብቻ ነው። ጥያቄ ወይም ተቃውሞ ያለው ጓደኛ ካለ ለመስማት ዝግጁዎች ነን።